ዝም ያለው የልብ ጡንቻ፦ ያለፈ ሃርት አታክ በኢሲጂ እንዴት ይነበባል?

[የመግቢያ ዜማ፤ ለጥቂት ሰከንዶች ከተሰማ በኋላ እየቀነሰ ከንግግሩ ሥር ይቆያል]

የዚህ ሳምንት ትምህርታዊ ዝግጅት የሚመረምረው አንድ ጥያቄ ነው፤ የአንድ ሰው የልብ ጡንቻ በከፊል ሞቶ፣ ሕመሙም አልፎ፣ ሰውየው ወደ ሥራው ከተመለሰ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ፣ ይህ ያለፈ ጉዳት ኢሲጂ በሚባለው የልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ ሊታወቅ ይችላል ወይ?

አጭሩ መልስ «ይችላል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም» የሚል ሲሆን፣ ጉዳቱ እንዴት እንደሚታወቅና አንዳንዴ ለምን እንደሚሰወር፣ አንዳንዴም ያልነበረ ጉዳት ለምን እንደነበረ ሆኖ እንደሚታይ መረዳት ጥቂት ትዕግሥት ይጠይቃል።

በቅድሚያ ስያሜውን ማጥራት ይገባል። በዕለት ተዕለት አማርኛ «የልብ ድካም» የሚለው ሐረግ ለሁለት የተለያዩ ሕመሞች ሲያገለግል ይሰማል፤ አንደኛው ልብ ደምን በበቂ ኃይል መርጨት ሲሳነው ቀስ በቀስ የሚመጣው፣ እግርን የሚያሳብጠውና ትንፋሽን የሚያሳጥረው ሕመም ሲሆን፣ ሁለተኛው ልብን ራሱን ከሚመግቡት የደም ቧንቧዎች አንዱ በድንገት ተዘግቶ ከቧንቧው በታች ያለው ጡንቻ ደም በማጣት የሚሞትበት አደጋ ነው። በሐኪሞች ዘንድ የልብ ድካም የሚባለው የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው በብዙ ሰው አንደበት «ሃርት አታክ» እየተባለ ስለሚጠራ በዚህ ዝግጅትም በዚሁ ስም ይጠራል። ሁለቱ ፈጽሞ የማይገናኙ ግን አይደሉም፤ ሁለተኛው ሰፊ ጡንቻ ከገደለ የመጀመሪያውን ሊያስከትል ይችላል።

[አጭር ዕረፍት]

እንግዲህ አንድ አድማጭ «ሃርት አታክ የያዘው ሰው እንዴት ሳያውቀው ይቀራል?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት በምትገኘው በፍራሚንግሃም ከተማ በ1948 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የረጅም ጊዜ የልብ ጥናት ለዚህ ጥያቄ ከተሰጡት የመጀመሪያዎቹ ጠንካራ መልሶች አንዱን አስገኝቷል። በጥናቱ የታቀፉት የከተማዋ ነዋሪዎች በየሁለት ዓመቱ ሲመረመሩ ኢሲጂም ይነሡ ስለነበር፣ ባለፈው ምርመራ ያልታየ የጡንቻ ሞት ምልክት በሚቀጥለው ላይ ሲገኝ ሐኪሞቹ ሰውየውን ምን እንደተሰማው ይጠይቁት ነበር። ከጊዜ በኋላ ውጤቱ ሲደመር፣ በወንዶች ላይ ከደረሱት ሃርት አታኮች ከሩብ በላይ የሚሆኑት፣ በሴቶች ላይ ከደረሱት ደግሞ ሲሶ ገደማ የሚሆኑት በጊዜው ሳይታወቁ ያለፉ ሆነው ተገኙ።

ከእነዚህ ሳይታወቁ ካለፉት ገሚሱ ገደማ ምንም ስሜት ያልነበራቸው ሲሆኑ፣ የቀሩት ግን አንድ ነገር ተሰምቷቸው ምክንያቱን ለሌላ ነገር የሰጡ ነበሩ። ይህ ነገር ለኢትዮጵያዊ አድማጭ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። ልብ ከሆድ ዕቃ በላይ፣ በስስ ጡንቻ ብቻ ተለይቶ የተቀመጠ አካል በመሆኑ፣ የታችኛው ግድግዳው ሲጎዳ ሕመሙ በእንብርትና በደረት መካከል ሊሰማ፣ ማቅለሽለሽና ማላብም ሊያስከትል ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ስሜት «ጨጓራዬ ተነሣብኝ» ብሎ ማለፍ ደግሞ የተለመደ ነው። የስኳር በሽታ ለረጅም ጊዜ የቆየባቸው ሰዎች ነርቮቻቸው ስለሚጎዱ ሕመሙን ጨርሶ ላይሰሙት ይችላሉ።

[የልብ ምት ድምፅ፤ አምስት ጊዜ፤ ከዚያ ጸጥታ]

አሁን የተሰማው ድምፅ ሐኪም በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማው፣ የልብ በሮች ሲዘጉ የሚፈጠረው ድምፅ ነው። ኢሲጂ የሚመዘግበው ግን ይህን ድምፅ አይደለም። እያንዳንዱ የልብ ምት ከመምታቱ በፊት ደካማ የኤሌክትሪክ መነቃቃት ከላይኛው የልብ ክፍል ተነሥቶ፣ በመካከለኛው ግድግዳ በኩል አልፎ፣ ወደ ታችኞቹ ክፍሎች ጡንቻ ይሰራጫል፤ ጡንቻው የሚኮማተረውም ይህ መነቃቃት ሲደርሰው ነው። ኢሲጂ ከቆዳ ላይ የሚለቅመው ይህንኑ የኤሌክትሪክ ጉዞ ነው።

ይህን ጉዞ በጥራት ለመመዝገብ የቻለው በሆላንድ የላይደን ዩኒቨርሲቲ ምሁር የነበረው ቪለም አይንትሆቨን ሲሆን፣ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የሠራው መሣሪያ ከ250 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝንና ለማንቀሳቀስ በርካታ ሰዎችን የሚጠይቅ ነበር። በሽተኛው ሁለት እጆቹንና አንድ እግሩን የጨው ውኃ በተሞሉ ባልዲዎች ነክሮ ይቀመጥ ነበር። በመስመሩ ላይ የሚታዩትን ከፍታና ዝቅታዎች ፒ፣ ኪው፣ አር፣ ኤስ እና ቲ ብሎ የሰየማቸውም እርሱ ነው። ለሥራው በ1924 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል፤ ፊደላቱ ግን ከሽልማቱ ይልቅ ስሙን ያኖሩለት ይመስላል፣ ዛሬም በየሆስፒታሉ በየደቂቃው ይጠራሉና።

ከአምስቱ ፊደላት ለዛሬው ጉዳይ ዋነኛው ኪው ነው። መነቃቃቱ ወደ ታችኞቹ የልብ ክፍሎች ሲገባ መስመሩ በቅድሚያ ጥቂት ወደ ታች ቢወርድ ያ ዝቅታ ኪው ይባላል፤ ቀጥሎ የሚመጣው ረጅሙ ከፍታ አር፣ ከዚያ የሚከተለው ዝቅታ ኤስ ይባላል።

[አጭር ዕረፍት]

የሞተ ጡንቻ በዚህ መስመር ላይ እንዴት ይታያል? ጡንቻው ከሞተ በሳምንታት ውስጥ ቦታው በጠባሳ ይተካል፤ ጠባሳ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያመነጭም፣ አይኮማተርም፣ ዝም ይላል። ይህን ነጥብ አድማጭ አጥብቆ ቢይዘው የሚቀጥለው ሁሉ ይቀለዋል፤ ጠባሳ ዝም ይላል፣ ኢሲጂም የሚያነበው ዝምታውን ነው።

ነገር ግን ዝምታ እንዴት ይነበባል? በማኅሌት ጊዜ ደብተራዎች በቀኝና በግራ በሁለት ወገን ፊት ለፊት ቆመው ሲያሸበሽቡ ይታሰብ። ከቀኙ ረድፍ ጀርባ የቆመ ሰው በይበልጥ የሚሰማው የቀኙን ረድፍ ድምፅ ነው፤ የግራውም ድምፅ ይኖራል፣ ነገር ግን በቅርብ ባለው ድምፅ ይሸፈናል። የቀኙ ረድፍ በድንገት ዝም ቢል ግን ያ ሰው ምንም አልሰማም አይልም፤ እስከዚያ ድረስ ተሸፍኖ የነበረውን የማዶውን ረድፍ ብቻውን ጥርት አድርጎ ይሰማል።

በልብም የሚሆነው ይኸው ነው። ደረት ላይ የተለጠፈው ኤሌክትሮድ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ምልክት የሚቀበለው ትንሽ ክፍል፣ ከፊቱ ያለው የልብ ግድግዳ ሕያው ሲሆን መነቃቃቱ ወደ እርሱ ስለሚመጣ ከፍታ ይመዘግባል። ከፊቱ ያለው ግድግዳ ጠባሳ ሲሆን ግን የሚደርሰው የማዶው ግድግዳ መነቃቃት ብቻ ነው፤ ያም ከኤሌክትሮዱ እየራቀ የሚሄድ በመሆኑ መስመሩ ከከፍታ ይልቅ ወደ ታች ይወርዳል። ሰፊና ጥልቅ የሆነው የኪው ዝቅታ የሚፈጠረው በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ማብራሪያ በማዳበር በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የሠራው ፍራንክ ዊልሰን ትልቅ ድርሻ ነበረው፤ ዛሬ ደረት ላይ የሚለጠፉት ስድስት ኤሌክትሮዶች የሚከተሉት ዘዴም ከእርሱ ሥራ የመነጨ ነው።

ታዲያ ኪው የታየበት ሰው ሁሉ ጠባሳ አለበት ማለት ነው? አይደለም። በጤነኛ ልብም የመካከለኛው ግድግዳ ከግራ ወደ ቀኝ ቀድሞ ስለሚነቃ ትንሽና ቀጭን ኪው በአንዳንድ አቅጣጫዎች መታየቷ ተፈጥሯዊ ነው። የሚለየው መጠኗ ነው። የኢሲጂ ወረቀት በተለመደው ፍጥነት በሰከንድ 25 ሚሊ ሜትር ስለሚጓዝ እያንዳንዱ ትንሽ ካሬ የ0.04 ሰከንድ ጊዜ ይወክላል፤ ለረጅም ዘመን ሲያገለግል በቆየው መለኪያ መሠረት፣ ስፋቷ አንድ ትንሽ ካሬ የሞላ ወይም ጥልቀቷ ቀጥሎ ከሚመጣው አር ቁመት ሩብ ያህል የደረሰ ኪው ታጠራጥራለች። የቅርብ ጊዜ ዓለም አቀፍ መመሪያዎች መለኪያውን ለየአቅጣጫው ቢለያዩትም ሐሳቡ አልተለወጠም።

ሁለተኛው መለያ ጉርብትና ነው። የተለመደው ኢሲጂ ልብን ከአሥራ ሁለት አቅጣጫዎች የሚመለከት ሲሆን፣ እያንዳንዱ አቅጣጫ ሊድ ይባላል። ሊድ 2፣ ሊድ 3 እና ኤቪኤፍ የሚባሉት የልብን የታችኛውን ግድግዳ፣ ከቪ1 እስከ ቪ4 ያሉት የፊቱን፣ ሊድ 1፣ ኤቪኤል፣ ቪ5 እና ቪ6 ደግሞ የጎኑን ይመለከታሉ። እውነተኛ ጠባሳ አንድ አካባቢ ስለሚይዝ ምልክቱ ቢያንስ በሁለት ጎረቤት ሊዶች መታየት ይኖርበታል፤ በሊድ 3 ብቻ የታየች ኪው ብዙ ጊዜ የሰውነት አቀማመጥ ውጤት እንጂ የጠባሳ ምልክት አይደለችም። የጀርባው ግድግዳ ደግሞ ፊት ለፊቱ የሚለጠፍ ኤሌክትሮድ ስለሌለው ጉዳቱ በመስታወት እንደሚታይ ምስል ተገልብጦ፣ በቪ1 እና በቪ2 ላይ ከወትሮው የረዘመና የሰፋ አር ሆኖ ይታያል።

[ዜማ፤ አሥር ሰከንድ]

እስካሁን የተነገረው ሐኪም በዓይኑና በመለኪያው የሚሠራው ሥራ ነው። ኮምፒዩተርስ ምን ይጨምራል? ዘመናዊ የኢሲጂ መሣሪያ ምልክቱን በሰከንድ 500 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ እየለካ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። ከዚያም ያጣራዋል፤ በሽተኛው ሲተነፍስ መስመሩ ቀስ እያለ ስለሚዋልል፣ ብርድ ወይም ፍርሃት ሲያንቀጠቅጠው የሌሎች ጡንቻዎች ምልክት ስለሚደባለቅ፣ ከግድግዳ ሶኬትም በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለሰው የመብራት ኃይል ጭረት ስለሚገባበት እነዚህ ሁሉ መወገድ አለባቸው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ማጣሪያው ከመጠን በላይ ከጠነከረ ከጭረቱ ጋር አብሮ ጥቃቅን የጠባሳ ምልክቶችንም ይለሰልሳል፤ ስንዴን ሲያበጥር ፍሬውንም ከገለባው ጋር እንደሚያስነፍስ ሰፌድ መሆኑ ነው።

ከማጣራት ቀጥሎ መሣሪያው እያንዳንዱን ምት ይለያል። ለዚህ ተግባር ጂያፑ ፓን እና ዊሊስ ቶምፕኪንስ በ1985 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ስልት እስከ ዛሬ በስፋት ይጠቀሳል፤ ስልቱ የመስመሩን የአቀበት ፍጥነት ተከትሎ አር የሚገኝበትን ቦታ ይጠቁማል። ምቶቹ ከተለዩ በኋላ ተደራርበው አማካያቸው ይወሰዳል፣ የኪው ስፋትና ጥልቀትም ይለካል። አሜሪካዊው ሐኪም ሮናልድ ሴልቬስተር ያዘጋጀው የነጥብ አሰጣጥ ዘዴ ከዚህም አልፎ የጠባሳውን መጠን ይገምታል፤ ከ32 ነጥቦች እያንዳንዷ የግራውን የታችኛ የልብ ክፍል ጡንቻ ከመቶ ሦስት ያህሉን እንደምትወክል ተደርጋ ትቆጠራለች።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጥቷል። በዚህ ዘዴ ማንም ለኮምፒዩተሩ «ኪውን ለካ» ብሎ አያዘውም፤ ጠባሳ ያላቸውና የሌላቸው ሰዎች ኢሲጂዎች በብዛት ይቀርቡለትና ልዩነቱን ራሱ እንዲፈልግ ይደረጋል። ለዚህ ጥናት ከሚያገለግሉት ክፍት ስብስቦች ታዋቂው ፒቲቢ በመባል የሚታወቀው የጀርመን ብሔራዊ የሥነ ልክ ተቋም ያቀረበው ሲሆን፣ ከ290 ሰዎች የተወሰዱ 549 ቅጂዎችን ይዟል።

በዚህ ስብስብ ላይ ተመሥርተው ከመቶ 99 ትክክል ሆንን የሚሉ ጽሑፎች አሉ። አድማጭ ግን በእንዲህ ያለ ቁጥር ፊት አንድ ጥያቄ ቢያነሣ መልካም ነው፤ ኮምፒዩተሩ የተፈተነው በማያውቃቸው ሰዎች ነው ወይስ በሚያውቃቸው? ከአንድ ሰው ብዙ የልብ ምቶች ይገኛሉ፤ ከእነዚህ ገሚሱ ለማስተማሪያ፣ ገሚሱ ለመፈተኛ ከዋሉ፣ ኮምፒዩተሩ የሚማረው ጠባሳን ሳይሆን የዚያን ሰው የልብ መልክ ሊሆን ይችላል። መምህር በክፍል ያሠራውን ጥያቄ ቁጥሩን እንኳ ሳይለውጥ ፈተና ላይ ቢያወጣ ተማሪዎቹ ሁሉ ይደፍኑታል፤ የተማሩት ሒሳብ መሆኑ ግን በዚህ አይረጋገጥም። ማስተማሪያውና መፈተኛው በሰው ተለይተው ሲከፈሉ ውጤቱ ጎላ ብሎ ሊወርድ ይችላል፤ ሆኖም የሚታመነው ያ የወረደው ነው።

[አጭር ዕረፍት]

አሁን ወደ መነሻው ጥያቄ መመለስ ይቻላል። «ሁልጊዜ ግን አይደለም» የተባለው ለምን ነበር? አንደኛ፣ ጠባሳው ትንሽ ከሆነ የማዶውን ድምፅ እስኪያሰማ ድረስ ዝምታ አይፈጥርም። ኪው ተፈጥሮ የነበረበትም ሰው ከጊዜ ብዛት ጠባሳው እየተሸበሸበ ሲጠብ ኪው ልትጠፋ ትችላለች። በ2012 እ.ኤ.አ. በታተመ የአይስላንድ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 67 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው 936 ሰዎች ጠባሳን በቀጥታ በሚያሳየው የኤምአርአይ ምርመራ ሲታዩ ከመቶ 17ቱ ላይ ሳይታወቅ ያለፈ የጡንቻ ሞት ተገኝቷል፤ ኢሲጂ ያሳየው ግን ከመቶ 5ቱን ብቻ ነበር። ስለዚህ ንጹሕ ኢሲጂ ያለፈ ጉዳት አለመኖሩን አያረጋግጥም።

ሁለተኛ፣ ጠባሳ ሳይኖር ጠባሳ የሚመስል መስመር አለ። የልብ ጡንቻ ከመጠን በላይ ሲወፍር፣ የግራው የኤሌክትሪክ መስመር ሲዘጋ፣ ወይም መነቃቃቱ በተፈጥሮ አቋራጭ መንገድ ሲያልፍ ኪው ልትታይ ትችላለች። የደረት ኤሌክትሮዶች አንድ የጎድን አጥንት ያህል ከፍ ብለው በመለጠፋቸው ብቻ የፊት ግድግዳ ጠባሳ ያለ የሚመስልበት ጊዜም ጥቂት አይደለም። ይህ የመጨረሻው ስሕተት በማሽኑ ወይም በስሌቱ አይታረምም፤ የሚታረመው በለጣፊው እጅ ነው፣ የትኛውም ረቂቅ ስልት ደግሞ በተሳሳተ ቦታ ከተለጠፈ ኤሌክትሮድ ትክክለኛ ነገር አያወጣም።

ብዙ መሣሪያዎች ከመስመሩ በላይ በእንግሊዝኛ የሚያትሙት ግምት አለ፤ አንዳንዴም የታችኛው ግድግዳ ሞት እንዳለና ዕድሜው እንዳልታወቀ ይገልጻል። ይህን ያነበቡ ሰዎች የተባለው ዕድሜ የራሳቸው ይመስላቸዋል፤ የተባለው ግን የጠባሳው ነው። መሣሪያው ማለት የሚችለው ጉዳቱ ትኩስ አለመምሰሉን ብቻ ነው፤ ትኩስ ሃርት አታክ ብዙ ጊዜ ከኤስ በኋላ ያለውን መስመር ወደ ላይ ያነሣዋል፣ ያም በቀናት ውስጥ ይወርዳል፣ ኪው ግን ብዙ ጊዜ ትቀራለች፤ ከስድስት ወር በፊት ይሁን ከስድስት ዓመት በፊት መፈጠሯን ግን ከአንድ ወረቀት ማወቅ አይቻልም። ደረቱን ጨምድዶ የያዘው፣ የሚያልበውና ትንፋሽ ያጠረው ሰው ግን እንዲህ ያለውን ዝርዝር ሳይጠብቅ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ይኖርበታል።

እንዲህ ያለ ግምት የታተመለት ሰው ቀጣዩ እርምጃ ምን ይሆናል? ሐኪሙ የሰውየውን ታሪክ ይጠይቃል፣ ደም ግፊቱንና ስኳሩን ይመለከታል፣ በኤኮ፣ ማለትም በድምፅ ሞገድ በሚሠራው የልብ ምስል፣ ያ ግድግዳ ከሌሎቹ ጋር እኩል መንቀሳቀሱን ያያል። ጠባሳው ከተረጋገጠ፣ ሳይታወቅ ማለፉ ቀላል አያደርገውም፤ በፍራሚንግሃም ሳይታወቅ ሃርት አታክ ያለፈባቸው ሰዎች የኋላ ዕጣ ከታወቀላቸው እምብዛም የተሻለ አልነበረም። በመሆኑም ሐኪሙ ሁለተኛ ሃርት አታክን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት ለእነርሱም ይሆናል።

ከሁሉ ይልቅ ግን ሐኪሙ የሚመኘው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የቀድሞ ኢሲጂ ነው። ዛሬ የታየችው ኪው ከአምስት ዓመት በፊት በተነሣው ወረቀት ላይም ካለች አንድ ነገር ናት፣ ያኔ ያልነበረች ከሆነች ሌላ ነገር ናት፤ ይህንንም ለመለየት ሁለቱን ጎን ለጎን ከማስቀመጥ የሚበልጥ ስልት የለም። ኢሲጂ የሚታተምበት ወረቀት ግን በአብዛኛው በሙቀት የሚሠራ በመሆኑ ፀሐይ ወይም ሙቀት ባገኘው ቁጥር እየደበዘዘ ይሄዳል፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ባዶ ሮዝ ካሬ ብቻ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ኢሲጂ የተነሣ ሰው ወረቀቱ ገና ጥቁር ሳለ ፎቶ ኮፒ ቢያስደርገው ወይም ቀኑና ስሙ እንዲታይ አድርጎ በስልኩ ፎቶ ቢያነሣው፣ ለሚቀጥለው ሐኪም የሚያቀርበው ማነጻጸሪያ ይኖረዋል።

[የመዝጊያ ዜማ፤ ቀስ እያለ ከፍ ይላል]